ቴሌቪዥኑ የተሰቀለበት ግድግዳ

ሰው ቤቱን ሲያስጌጥ ሳያውቀው ልቡን ይገልጣል። አንደበቱን ጠብቆ የሚናገር ሰው እንኳ፥ ምን እንደሚያከብርና ምን እንደሚንቅ፥ ማንን ለማስደሰት እንደሚደክምና ከማን ጋራ እንደሚፎካከር፥ ወደ ሳሎኑ ለሚገባ እንግዳ ሁሉ ያለ ቃል ይነግረዋል። ስለዚህ፥ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ሌሎች በመጻሕፍትና በሥዕል ላይ እንደሚተቹ፥ እኔም ዛሬ በከተማችን በአዲስ አበባ በየቤቱ በሚሠራ በአንድ ነገር ላይ ለመተቸት አስቤአለሁ፤ ይኸውም ከቴሌቪዥን በስተኋላ ያለው የሳሎን ግድግዳ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ቢታይህ፥ መጨረሻውን ሳታነብ እንዳትስቅብኝ እለምንሃለሁ። እኔ በዚህ ግድግዳ ምክንያት ለእናቴ ዓይን የተቀመጠውን ገንዘብ ያጠፋሁ ሰው ነኝና፥ የምናገረው ከሩቅ ሆኜ በሰው ላይ ለመፍረድ አይደለም።

በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። እኔ ከአገር ቤት ለትምህርት መጥቼ በአጎቴ ቤት ስኖር፥ በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበራቸው አንድ ጎረቤት ብቻ ነበሩ። የዚያን ጊዜው ቴሌቪዥን ከፊቱ መስተዋት፥ ከኋላው ደግሞ ትልቅ ሆድ ያለው ከባድ ሣጥን ነበረ። በሆዱ ውስጥ ያለው ሥዕሉን የሚያሳየው የመስተዋት ቱቦ ስለ ሆነ፥ ከግድግዳ ጋራ ሊጣበቅ አይችልም ነበር፤ ስለዚህ በሳሎኑ ማዕዘን ወይም በቡፌ ላይ ይቀመጥ ነበር። የቤቱ እመቤት በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል አልብሰውት ይውላሉ። ማታ ሰዓቱ ሲደርስ ዳንቴሉ ይገለጣል፥ የሰፈሩ ልጆች መሬት ላይ፥ ትልልቆቹ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ዜናው ሲያልቅ ዳንቴሉ ይመለሳል፥ ቤቱም ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ቴሌቪዥኑ በዚያ ቤት ውስጥ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ የተከበረ እንግዳ ነበረ እንጂ የቤቱ ጌታ አልነበረም።

ቆይቶ ስስ የሆነው ቴሌቪዥን መጣ። ሆዱ ስለ ጠፋ፥ እንደ ሥዕል በግድግዳ ላይ ለመሰቀል በቃ። ይህ በራሱ መልካም ነገር ነው፤ ለጠባብ ቤት፥ ይልቁንም ለኮንዶሚኒየም ሳሎን፥ ቦታን ያተርፋል። ነገር ግን አንድ የሚያስገርም ነገር ሆነ። ቴሌቪዥኑ በሳሳ ቁጥር ግድግዳው ወፈረ። ዕቃው ካተረፈልን ቦታ የሚበልጠውን፥ ዕቃውን ለማክበር ብለን በጂፕሰም፥ በእንጨትና በፕላስቲክ መልሰን ሞላነው። ጥግ ይዞ የነበረው እንግዳ ተነሥቶ በቤቱ መካከል ተቀመጠ፤ ወንበሮችም ሁሉ እርስ በርሳቸው መተያየትን ትተው ወደ እርሱ ዞሩ።

ባለፉት ዓመታት በዘመድና በወዳጅ ቤት ያየኋቸው ግድግዳዎች በአራት ዓይነት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው፥ በጂፕሰም የተሠራና ብዙ መስኮት መሰል ሣጥኖች ያሉት፥ በዙሪያውም ቀለሙን በሪሞት የሚለዋውጥ የመብራት ገመድ የተደበቀበት ነው። ሁለተኛው፥ እብነ በረድ የሚመስል የሚያብረቀርቅ የፕላስቲክ ሉሕ የተለጠፈበት ነው። ሦስተኛው፥ ከላይ እስከ ታች በቀጫጭን እንጨት የተሸነሸነው ነው። አራተኛው ደግሞ የፏፏቴ ወይም የበረዶ ተራራ ፎቶግራፍ የታተመበት ዎልፔፐር ነው። አንዳንዱም ቤት አራቱን በአንድ ግድግዳ ላይ አስተባብሮ ይዞአል።

በመጀመሪያ ስለ ሠራተኞቹ እውነቱን እመሰክራለሁ። ጂፕሰም የሚሠሩት ወጣቶች የእጃቸው ጥበብ የሚደነቅ ነው። ሜትርና ውኃ ልክ ይዞ፥ በተንጠለጠለ መሰላል ላይ ቆሞ፥ አቧራ እየቃመ፥ ከነጭ ዱቄት ቀጥ ያለ መስመርና ለስላሳ ጠርዝ የሚያወጣ ልጅ ሊከበር ይገባዋል። የእንጨቱም ሥራ በሚገባ ሲለካና ሲወለወል ለዓይን ዕረፍት ይሰጣል። እንግዲህ ትችቴ በእጅ ሥራው ላይ አይደለም፤ እጁ የታዘዘለት አሳብ ላይ ነው።

የሰው ልጅ ግድግዳን ማስጌጥ ዛሬ አልጀመረም። ወደ ሐረር ሄደህ በጁገል ግንብ ውስጥ ካሉት የጥንት ቤቶች ወደ አንዱ ብትገባ፥ ከእኛ ሳሎን ይልቅ እጅግ የተሞላ ግድግዳ ታያለህ። በሴቶች እጅ የተሰፉ ባለ ብዙ ቀለም መሶቦችና ክዳኖች፥ ሳሕኖችና ዋንጫዎች ከላይ እስከ ታች ተሰቅለው፥ ከግድግዳው ውስጥ በተቆፈሩት ትንንሽ መደርደሪያዎች ደግሞ መጻሕፍትና ዕቃዎች ተቀምጠው ይገኛሉ። ከግድግዳው ሥር ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ አምስት መደቦች አሉ፤ ማን በየትኛው እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ይህ ቤት ባዶ ስፍራ የለውም፥ ቀለሙም ብዙ ነው፤ ነገር ግን አያደክምም። ስለ ምን? በግድግዳው ላይ ያለው ሁሉ የሰው እጅና የሰው ታሪክ ያለበት ስለ ሆነ ነው። ይህችን መሶብ የሰፋችው እገሊት ናት ይባላል። መደቡም የተሠራው ሰው ከሰው ጋራ እንዲቀመጥበት ነው። የዚያ ቤት ጌጥ ሰውን ወደ ሰው ይመራል፤ የእኛ ሳሎን ጌጥ ግን ሰውን ከሰው አዙሮ ወደ ጥቁር መስተዋት ይመራል። ልዩነቱ ከጌጡ ብዛት አለመሆኑን ልብ በል።

እንግዲህ ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዕቁብ ወጣልኝ፤ 60 ሺህ ብር ነበረ። እናቴ በሰሜን ሸዋ ገጠር የምትኖር ሴት ናት። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ዓይኗ እየደከመ መሄዱን ነግራኝ፥ ያየኋት ሐኪምም የዓይን ሞራ መሆኑንና ቢገፈፍ እንደሚድን ነግሮን ነበር። እኔም፥ «እማዬ፥ ዕቁቤ ይውጣ እንጂ ወዲያው አስመጣሻለሁ» ብዬ በአፌ ቃል ገብቼላት ነበር። ነገር ግን ዕቁቡ በወጣ በሳምንቱ የሥራ ባልደረባዬ ቤት ለልጁ ክርስትና ተጠርቼ ሄድሁ። ግድግዳው እንደ ቤተ መንግሥት ያበራ ነበር። ሰው ሁሉ ግድግዳውን ጀርባ አድርጎ ፎቶግራፍ ይነሣል። ወደ ቤቴ ስመለስ የራሴ ሳሎን፥ ያ እስከ ትናንት ድረስ ያልከፋኝ ሳሎን፥ የድኻ ቤት መስሎ ታየኝ። ቅናት በዓይን ገብቶ በኪስ ይወጣል።

ባለቤቴ፥ «የእማማ ነገርስ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። እኔም፥ «ለፋሲካ እናደርሰዋለን፤ ሞራ እንደ ሆነ አይሸሽ» ብዬ መለስሁላት። ሠራተኛውን ጠራሁት። ልጁ ገና ግድግዳውን ሲለካ፥ ማርብል የሚመስለውን ሉሕ ለምን እንደ መረጠልኝ ብጠይቀው፥ «ጋሼ፥ እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እኮ ይህን ነው» አለኝ። ይህ ቃል አሸነፈኝ። የቤቴን ግድግዳ የሠራሁት ለእንግዳ ዓይን ነበረ፤ በዚያው ጊዜ ግን የምጠብቃት ዋናዋ እንግዳ ማየት ያቃታት ሴት መሆኗን አላሰብሁም። በጠቅላላው 45 ሺህ ብር ወጣ። ቴሌቪዥኑም እንደ ታቦት ከፍ ብሎ፥ ከሰው ራስ በላይ ተሰቀለ።

በጥር ወር ለዘመድ ሠርግ እናቴ መጣች። ከመድረሷ በፊት የግድግዳውን መብራት ሁሉ አብርቼ ጠበቅኋት። በልጄ እጅ ተመርታ ከበሩ ስትገባ፥ «እማዬ፥ ቤቴ እንዴት ነው?» አልኋት። እናቴ ግን ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ስባ ዓይኗን ጋረደች፤ ፊቷንም አዞረች።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚንቦገቦገው? እባክህ አጥፋልኝ፥ ልጄ፤ አንተን ማየት አልቻልሁም» አለችኝ።

በኋላ ሐኪም እንዳስረዳኝ፥ የዓይን ሞራ ማለት በዓይን ውስጥ ያለው ጥሩ መስተዋት መሰል ክፍል ሲደፈርስ ነው። በጠራ መስተዋት የሚያልፍ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ በደፈረሰው ግን ይበተናል። ስለዚህ ሞራ ያለበት ሰው ፊት ለፊቱ ብዙ መብራት ሲበራበት፥ የተሻለ ማየቱ ቀርቶ ብርሃኑ ጭጋግ ሆኖ ይጋርደዋል። እኔ ለክብሯ ያበራሁት ሁሉ ልጇን ጋርዶባት ነበር።

መብራቱን አጠፋሁ። እርሷም በእጇ እየዳሰሰች ወደ ግድግዳው ቀረበችና መዳፏን በሉሑ ላይ አኖረች።

«ድንጋይ ነው?» አለች።

«ድንጋይ አይደለም፥ እማዬ፤ ድንጋይ የሚመስል ፕላስቲክ ነው» አልኋት።

«ኧረ? ታዲያ ድንጋይ መምሰል ለምን ፈለገ?» አለች፤ ተሳልቃ ሳይሆን ከልቧ ልታውቅ ፈልጋ ነበር። መልስ አጣሁ። ስለ ዓይኗ ግን በዚያ ቀንም፥ በማግሥቱም፥ አንዲት ቃል አላነሣችብኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከመሥሪያ ቤታችን የቁጠባና ብድር ማኅበር ገንዘብ ተበድሬ ወደ ሐኪም ቤት ወሰድኋት። በአገራችን ሰውን ከሚያሳውሩት ምክንያቶች ዋነኛው ይህ የዓይን ሞራ ነው፤ ፈውሱ ግን ረጅም አይደለም። ዓይኑ በመድኃኒት ይደነዝዛል፥ የደፈረሰው ይወጣል፥ በስፍራው ትንሽ ጥሩ ሰው ሠራሽ መስተዋት ይገባል፤ በሽተኛው ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። አንድ ሰዓት ለማይሞላ ሥራ እናቴን አንድ ዓመት በጨለማ አስጠበቅኋት፤ ቀድሞ በእጄ ለነበረውም ገንዘብ ባለ ዕዳ ሆንሁ።

በማግሥቱ ዓይኗ ሲፈታ መጀመሪያ ያየችው የልጄን ፊት ነው። «አንቺ እንዲህ አድገሻል?» ብላ አለቀሰች። ግድግዳውን ያየችው ብዙ ቆይታ ነው። ላይ ታች ተመልክታ፥ «መልካም ነው፤ ግን ሰው የለበትም» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሳሎን ግድግዳ ብዙ አንብቤአለሁ፥ ብዙም ሰምቻለሁ፤ ከዚህ ቃል የበለጠ ትችት ግን አላገኘሁም።

አንባቢዬ ሆይ፥ ግድግዳውን አፈረስኸው ወይ ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። አላፈረስሁትም። በከንቱ የወጣን ገንዘብ በከንቱ ማፍረስ ጥፋትን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። ይልቁንስ አረምሁት። ሉሑን አንሥቼ ግድግዳውን በማያብረቀርቅ ቀለም ቀባሁት፤ የሚያብረቀርቅ ነገር የመስኮቱን ብርሃን መልሶ በዓይን ላይ ይጥላልና። ቀለም የሚለዋውጠውን የመብራት ገመድ ነቅዬ፥ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አንድ ለስላሳ ነጭ መብራት ብቻ ተውሁ፤ ይህ በጨለማ ቤት ለሚያይ ሰው ዓይንን ያሳርፋል፥ ሰማያዊና ቀይ እየሆነ የሚያጫውት ግን ዓይንን ይሰርቃል። በጂፕሰሙ ሣጥኖች የነበሩትን የፕላስቲክ አበባዎች አውጥቼ፥ የእናቴን ስፌት፥ የአባቴን ፎቶግራፍና የልጆቼን መጻሕፍት አገባሁባቸው። ወንበሮቹንም ሁለቱን ወደ ቴሌቪዥኑ፥ ሁለቱን ወደ እርስ በርሳቸው አዞርኋቸው።

ቴሌቪዥኑንም አወረድሁት። እዚህ ላይ ቤት ለምትሠሩ ወጣቶች የሚጠቅም ልክ ልንገራችሁ። በሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለል ወደ 1 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፤ የቴሌቪዥኑ መካከል በዚያ ልክ ወይም ጥቂት ከፍ ብሎ ሊሰቀል ይገባል። ባለ 55 ኢንች የሚባለው ከጥግ ወደ ጥግ 140 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ ከላይ እስከ ታች ደግሞ ወደ 70 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ፥ የታችኛው ጠርዙ ከወለል 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢርቅ ይበቃል። የሚያይበትም ሰው ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቆ ቢቀመጥ መልካም ነው። ከራስ በላይ የተሰቀለ እንደ ሆነ አንገትን ያሳምማል፤ ለጣዖት እንደሚሰግድ ሰው ቀና ብሎ ከማየት በቀር የሚያስገኘው ክብር የለም። ብሎኑ ጂፕሰሙን ብቻ ይዞ እንዳይቀር ከኋላው ያለውን ብሎኬት ወይም የተጠናከረ እንጨት መያዙን አረጋግጡ፤ ጂፕሰም ለመልክ እንጂ ለሸክም አልተሠራምና። የኤሌክትሪኩ ሽቦ በቱቦ ውስጥ ይለፍ፤ ቴሌቪዥኑም የሚተነፍስበት ክፍተት ይኑረው። ክረምት የሚያረጥበው ግድግዳ ከሆነ አስቀድማችሁ እርጥበቱን አድርቁ፤ ጂፕሰም ውኃን አይችልም፥ በሻገተ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጌጥም «ውስጡን ለቄስ» እንደሚባለው ነው።

ከእነዚህ ልኮች ይልቅ ግን የምትይዙት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የእናቴ ጥያቄ ነው፤ ይህ ነገር ሌላውን መምሰል ለምን ፈለገ? ፕላስቲክ እብነ በረድን፥ ወረቀት ፏፏቴን፥ ድኻው ባለጠጋውን መምሰል ለምን ፈለገ? ፕላስቲክ ፕላስቲክ መሆኑ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ያልሆነውን ነኝ ማለቱ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም። የጢስ ዓባይን ፏፏቴ በዓይኑ ለማየት አንድ ቀን ያልተነሣ ሰው፥ ስሙን የማያውቀውን የባዕድ አገር ፏፏቴ በየቀኑ እያየ ቢኖር፥ ያ ሥዕል ምን ያስታውሰዋል? ነጭ ኖራ የተቀባ፥ አንዲት የአያት ስፌት የተሰቀለችበት ግድግዳ፥ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነና ከየት እንደ መጣ ይናገራል፤ ዋጋውም የአንዲት ሚስማር ነው።

ይህን ስል ጌጥ ኃጢአት ነው፥ ቴሌቪዥን ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ሠርቶ አግኝቶ፥ ግዴታውን ፈጽሞ፥ የተረፈውን ለቤቱ ውበት የሚያወጣ ሰው የሚነቀፍበት ነገር የለም። እናቴም ዛሬ በመጣች ጊዜ ዜና ታያለች፤ ከልጅ ልጆቿም ጋራ ስለሚያዩት ነገር ትከራከራለች። የምነቅፈው ቅደም ተከተሉን ነው። ጌጥ ከግዴታ በፊት ሲቆም፥ የቤቱ ውበት የአንድ ሰው ዋጋ ሆኖ ይገኛል፤ እኔ የከፈልሁት ደግሞ በእናቴ ዓይን ነበረ።

እንግዲህ አንተ ቤት የምትመሠርት ወጣት፥ አንቺም ሳሎንሽን ለማሳመር የምታስቢ እኅት፥ ሠራተኛውን ከመጥራታችሁ በፊት በባዶው ግድግዳ ፊት ለጥቂት ጊዜ ተቀመጡ። ቃል የገባችሁለት፥ ገንዘቡን የሚጠብቅ፥ ስለ ትሕትናው ዝም ያለ ሰው እንዳለ አስቡ። እርሱ ካለ፥ ግድግዳው ይቆይ፤ ግድግዳ አይታመምም፥ አያረጅም፥ አይቀየምም። ሰውየውን አስቀድሙ። ከዚያ በኋላ ግን የተረፋችሁን ያህል፥ ትንሽም ብትሆን፥ በደስታ አስጊጡ፤ ወንበራችሁንም እርስ በርሳችሁ መተያየት በምትችሉበት አኳኋን አኑሩ።